“እስቲ እንዳገርህ አውራ”

የዘፈን ውድድር ላይ ተወዳዳሪ ሲገባ መጀመሪያ ስሙ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ እና እኔ እስከማየው ድረስ ተመልካቹ ፍርዱን የሚሰጠው እዚችው ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው፣ ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ልጁ “ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ” ሲል ቅላጼው ብቅ ካለ በቃ አለቀ። ዳኞቹ ፈገግ ይላሉ፣ አንዱ “እስቲ ድገመው” ይላል፣ ከስር ኮሜንቱ ይዥጎደጎዳል። “ንጹህ ልጅ”፣ “ያልተበረዘ”፣ “የዋህነቱ ፊቱ ላይ ይነበባል”፣ “ይሄ ነው ሰው ማለት”። ገና አንድ ስንኝ አላወጣም እኮ! ከሱ ቀጥላ የምትገባው ልጅ ደግሞ ካዛንቺስ ያደገች ሆና ጥርት ባለ ያዲሳባ አማርኛ ከተናገረች “ትወና አበዛች”፣ “ካሜራ ለምዳለች” ትባላለች። እሷም ገና አልዘፈነችም።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው። ዘመዶቼ ግማሹ መንዝ ግማሹ ቡልጋ ናቸው፣ ስለዚ በዓል ሲሆን ቤታችን ራሱ የቅላጼ ውድድር ነው፣ ዳኛ የለውም እንጂ። ለዛ ይሆናል ይሄ “ንጹህ ልጅ” የሚሉት ነገር ሁሌ የሚቆረቁረኝ። ቅላጼ የሚነግራችሁ ነገር ካለ ሰውዬው የት እንዳደገ ነው፣ ያውም ሁልጊዜ አደለም። እውነተኛ ይሁን ውሸታም አይነግራችሁም፣ እሱን የምትጨምሩበት እናንተ ናችሁ፣ ሰሚዎቹ። በነጻም አትጨምሩለትም፣ ዋጋውን ቀስ ብሎ ተወዳዳሪው ይከፍለዋል፣ እሱን እመጣበታለሁ።

ይሄ ግን የኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ዘ ትሬተርስ የሚባል ሾው አላቸው። መጀመሪያ ሆላንዶች ናቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመሩት፣ ከዛ ቢቢሲ ወስዶ በ2022 የራሱን ሰራ። ሃያ ምናምን ሰው ስኮትላንድ ደጋ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ግንብ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጥቂቶቹ በድብቅ ከሃዲ ተብለው ይመረጣሉ፣ የቀሩት ታማኞች ናቸው፣ ታማኝ ግን ማን ምን እንደሆነ አያውቅም። ከሃዲዎቹ ማታ ማታ ተገናኝተው አንዱን ታማኝ ይገድላሉ (ጨዋታ ነው እንግዲህ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ሰውየው አይመጣም በቃ)፣ ቀን ደግሞ ሁሉም ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ አንተ ነህ አንቺ ነሽ ሲጨቃጨቅ ውሎ አንድ ሰው በድምፅ ያባርራል። መጨረሻ ላይ ከሃዲ ሳይነቃበት ከተረፈ ብሩን ጠራርጎ ይወስዳል፣ እስከ 120,000 ፓውንድ ድረስ። ጨዋታው ሲጨመቅ አንድ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ሰው ልመነው ወይስ አልመነው።

በ2025 መጀመሪያ ላይ በታየው ሦስተኛው ሲዝን አንዲት የለንደን ሴት ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምራ በዌልስ ቅላጼ ማውራት ጀመረች። ዌልስ ማለት ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች የራሷ ቋንቋ ያላት አገር ናት፣ እንግሊዝኛውንም ሲናገሩት ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ አለው፣ ለጆሮ ደስ ይላል። ሴትዮዋ ዌልሽ አደለችም። ለምን እንደዛ እንደምታወራ ለካሜራው ብቻ ተናገረች፣ የዌልስ ሰው ሲናገር ሰው ያምነዋል ብላ ነው። በቃ ይቺው ናት ምክንያቷ። እና ሰራላት! ቁርስ ላይ በሱ፣ ክብ ጠረጴዛ ላይ በሱ፣ ስታለቅስም በሱ። መሀል ላይ ደሞ ጭራሽ ከሃዲ ሆና ተመለመለች እና እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ዘለቀች።

እኔን ያስገረመኝ ግን የሷ ድፍረት አደለም። እዛው ግንብ ውስጥ እውነተኛ የዌልስ ልጅ ነበረች፣ አፏን የፈታችው በዌልስኛ የሆነች፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ። እሷን ብዙም ሳትቆይ ከሃዲ ናት ብለው በድምፅ አባረሯት። አያችሁ? ቅላጼው የእምነት ወረቀት ቢሆን ኖሮ ባለቤቷን ያድናት ነበር። ያዳነው የተዋሰችውን ነው፣ ምክንያቱም እሷ ሰዎቹ ከዌልስ ሰው ምን እንደሚጠብቁ አውቃ ያንን ብቻ ሰፍራ ሰጠቻቸው። እውነተኛዋ ግን እንደማንኛውም ሰው ናት፣ ትደነግጣለች፣ ዝም ትላለች፣ ያልሆነ ሰዓት ላይ ያልሆነ ነገር ትናገራለች፣ ሰው ነቻ።

እንግሊዞች እንደውም በዚ ነገር የቆዩ ናቸው። ቢግ ብራዘር፣ ሰዎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸው በካሜራ የሚታዩበት ሾው፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ተራኪው ማርከስ ቤንትሊ በሰሜን ምስራቅ እንግሊዝ ቅላጼ ነበር የሚተርከው፣ የቢቢሲ ዜና አንባቢ ድምፅ አደለም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ተራ ሰዎች ናቸው፣ እንደናንተው ናቸው ለማለት ነው ብዬ ነው ምገምተው። ከዛው አካባቢ የሆነችው ዘፋኟ ሼሪል ደሞ በ2011 ኤክስ ፋክተር የሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ውድድር ዳኛ ሆና ሄዳ ወዲያው ወጣች፣ ጋዜጦቹም አሜሪካኖች አነጋገሯ አይገባቸውም ተብሎ ነው ብለው ጻፉ። እንግሊዝ ውስጥ “የኛው ልጅ” ያሰኛት ድምፅ ውቅያኖስ ሲሻገር ጥፋት ሆነ። ድምፁ ያው ነው፣ ጆሮው ነው የተቀየረው።

ምሁራን ይሄን ነገር ከጥንት ጀምሮ ነክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሞንትሪያል ካናዳ ውስጥ ዋላስ ላምበርት የሚባል የሳይኮሎጂ ሰውና ባልደረቦቹ ሁለት ቋንቋ እኩል የሚችሉ ሰዎችን ይዘው አንዱን ጽሁፍ አንዴ በእንግሊዝኛ አንዴ በፈረንሳይኛ አስነበቧቸው፣ ቀዱት፣ ከዛ ለተማሪዎች አሰሙና “ይሄ ሰውዬ ምን አይነት ሰው ይመስላችኋል” አሏቸው። ተማሪዎቹ አንዱን ሰው ሁለቴ እየሰሙ እንደሆነ አላወቁም። በእንግሊዝኛው ሲናገር ረዥም ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ይታመናል ምናምን፣ በፈረንሳይኛው ያው ሰውዬ ዝቅ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እንደዛ ቢሉ አይገርምም፣ የራሳቸው ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ግን የራሳቸውን ቋንቋ ድምፅ በብዙ ነገር ዝቅ አድርገው ነው ምልክት የሰጡት፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ብሰው። ይሄን ሳነብ አዲሳባ ሶስት ወር ከርሞ መጥቶ እናቱን “እንደሱ አይባልም እማዬ” የሚለው ጎረምሳ ነው ትዝ ያለኝ። ሁሉም ሰፈር አለ።

ከዛ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሃዋርድ ጋይልስ የሚባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዛው ዘዴ የእንግሊዝኛ ቅላጼዎችን አስፈተሸ። ያገኘው ነገር ባጭሩ፣ የተማረውና የባለስልጣኑ ቅላጼ ብልህና ብቁ ያሰኛል፣ የክፍለ ሃገሩ ቅላጼ ደግሞ ታማኝና ሰው ወዳድ ያሰኛል። ሁለት እርከን አለ ማለት ነው፣ አንዱ ላይ ስትወጣ ካንዱ ትወርዳለህ። “ንጹህ ልጅ” የሚለው ኮሜንት ውስጥ የተደበቀው ይሄ ነው። ሙገሳ ይመስላል፣ ስትፈታው ግን “ይሄ ልጅ ለመዋሸት የሚበቃ ጭንቅላት የለውም” ማለት ነው። አትቆጡ፣ ራሳችሁን ጠይቁ። የዋህ የምትሉት የመንዝ ልጅ ነገ ዳኛው ፊት ቆሞ “ይሄን ዘፈን የመረጥኩት ባለፈው ሳምንት ይሄን ስልት ማንም ስላልነካው፣ ውጤት እንደሚያመጣልኝ አስልቼ ነው” ቢልስ? የካዛንቺሷ ልጅ ያንን ብትል “ፕሮፌሽናል ናት” ትባላለች። እሱ “ለካ እንደዚ ነህ” ነው ሚባለው።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ። ቴሌቪዥን ላይ “የሰሜን ሸዋ ቅላጼ” ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። እዚህ ላለ ሰው ግን እንደዛ ብሎ ነገር የለም። የመንዝ ደጋ ሌላ ነው፣ ወርደህ ይፋት ቆላ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስትደርስ ዜማው ወደ ወሎ እየሳበ ይመጣል፣ ምንጃር ሸንኮራ ሌላ፣ ቡልጋ ሌላ፣ ጀማን ተሻግረህ መርሃቤቴ አለም ከተማ ስትገባ ሌላ። በሰላሌ በኩል ፍቼ ዙሪያ ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛውን እያቀያየረ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ደብረ ብርሃን ከተማው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ፋብሪካውም ከበዛ ወዲህ ከየቦታው ሰው እየመጣ ልጆቻችን ምን አይነት ቅላጼ እንደያዙ እኔ ራሴ መለየት አቅቶኛል። ጠባሴ አካባቢ ያደገ ልጅ በቃ ያዲሳባ ልጅ ነው ሚመስለው፣ ብርዱ ብቻ ነው የሚለየው።

መንዝ ውስጥም እድሜ አለ። ሽማግሌዎቹ “ከቤት” ለማለት “ኸቤት” ይላሉ፣ ከጉሮሮ ነው ምታወጣት፣ የንግግራቸው ጫፍ ላይም ሳብ የሚያደርጉት ነገር አለ። ወጣቱ ያንን ትቶታል፣ ቢያንስ ሰው ፊት ትቶታል። አባባ እንዴት አደሩ ስትላቸው የሚመልሱልህ አማርኛና የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ የሚያወራው አማርኛ አንድ ቤት አብሮ ያደረ አይመስልህም። ሁለቱም ግን መንዜዎች ናቸው። ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው ግን የአባባን ነው፣ በሃያ ሁለት አመት ልጅ አፍ።

በጣም የሚያስቀኝ ደግሞ ታሪኩ ነው። ዛሬ “ቅላጼ የሌለው” የሚባለው ያዲሳባ አማርኛ ከየት መጣ? ምኒልክ አንኮበር ነበሩ፣ ከዛ ወደ እንጦጦ፣ ከዛ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ አብሯቸው የወረደው ቤተ መንግስት፣ ወታደሩ፣ ጸሃፊው፣ ካህኑ ብዙው የሸዋ ሰው ነበር። በርግጥ ከተማዋ ከዛ በኋላ የሁሉም ሆነች፣ ኦሮሞው ጉራጌው ሁሉም ገብቶበት አማርኛውም ሌላ መልክ ያዘ፣ አባትየው ግን ይሄው እዚህ ብርድ ላይ ቁጭ ብሏል። ልጁ ከተማ ገብቶ ሬዲዮ ላይ ወጣ፣ ዜና አነበበ፣ መጽሃፍ ጻፈና አባቱን “አቤት ቅላጼ!” ይለዋል። ከዛ በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን መጣና የቱርኩንም የምኑንም ድራማ ባንድ አይነት አማርኛ ተረጎመልን፣ የኢስታንቡል ሃብታምም ገረድም ሁሉም ያዲሳባ ልጅ ነው። ያገራችን ድራማዎች ላይ ግን ቅላጼ ያለው ሰው ከገባ ብዙ ጊዜ ዘበኛ ነው፣ ወይ የቤት ሰራተኛ፣ ወይ ለመሳቂያ የገባ አጎት። ዶክተር ሆኖ በመንዝ ቅላጼ የሚያወራ ገጸ ባህሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ግቡ፣ ሞልቷል።

ስለዚ ተመልካቹ ውድድሩን ሲያይ ጆሮው ባዶ ሆኖ አደለም የሚመጣው፣ በነዛ ድራማዎች የተሞላ ጆሮ ነው ይዞ የሚመጣው። ያ ዘበኛ በድራማው ላይ የዋህ ነበር፣ ይሄም ልጅ የዋህ ነው።

ውድድሮቹን መስደቤ አደለም፣ ይሄ ይሰመርበት። ባላገሩ አይዶል ለምሳሌ ያብርሃም ወልዴ ስራ፣ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ድምፅ ሰርግ ቤት ቀርቶ ነበር፣ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ዳዊት ጽጌም ሰው እስከዛሬ የሚወደው በድምፁ ነው። ፋና ላምሮትን ቅዳሜ እኛ ቤት ሳያይ የሚውል የለም። የቤተሰብ ጨዋታ ላይ ደሞ፣ የነፃነት ወርቅነህ፣ እኔ የምወደው አንድ ነገር አለ፣ ሰዎቹ ሲገቡ በተጠና አማርኛ “እኛ የመጣነው...” ብለው ይጀምራሉ፣ ጥያቄው ፍጥነት ሲጨምር ግን አጎትየው በደመነፍስ ባገሩ ቅላጼ “እ...እ... በሬ!” ብሎ ይጮሃል። ደስ ይላል። ግን እሱም ቢሆን አሁን ቅድም ዋሽቶ ነበር አሁን እውነተኛው ወጣ ማለት አደለም። ቅድም ለእንግዳ እያወራ ነበር፣ አሁን ለሚስቱ እያወራ ነው።

ይሄ ነገር ለማየት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄዳችሁ ያዲሳባ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ሰውየው ስልክ ያነሳል፣ የመስሪያ ቤት አለቃው ነው፣ “እሺ፣ በትክክል፣ ደርሰን እንነጋገራለን” ይላል ልክ እንደ ዜና። ይዘጋል። ሚስቱ ትደውላለች፣ ግማሽ ሸዋ ግማሽ አዲሳባ። ጫጫ ሳይደርሱ እናቱ ከሞላሌ ትደውላለች፣ ያኔ ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ይጠፋና ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ድምፁም ይጨምራል፣ አንቱታው፣ ምርቃቱን “አሜን አሜን” ማለቱ። የቱ ነው ፌኩ? የትኛውም። ሁላችንም እንደዛ ነን፣ ተወዳዳሪ ላይ ሲሆን ብቻ ነው “አንዱን ምረጥ” የምንለው፣ እኛ የምንወደውን አንዱን።

እና አሁን ያንን ዋጋ ያልኩትን። የማውቀው ልጅ አለ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሞላሌ ተወልዶ ደብረ ብርሃን ያደገ፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ በዓል ቤት ሲዘፍን ሰው ብር የሚለጥፍለት አይነት። አንድ ውድድር ላይ ለኦዲሽን ሄደ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። ከመድረኩ በፊት ኢንተርቪው አለ፣ ስለ ህይወትህ ምናምን የሚቀዳ፣ ያው እናንተ ያንን በማሲንቆ ሙዚቃ ታጅቦ ነው ምታዩት። ልጁ እንደሚያወራው አወራ። የሚቀዳው ሰውዬ “እስቲ እንዳገርህ አውራ” አለው። “እንዳገሬ ነው ማወራው” አለ። “አይ፣ ማለቴ... እንደ መንዝ።” ልጁ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ገባው፣ ያያቱን ድምፅ አወጣ፣ “ኸየት እንደመጣኹ...” ብሎ ጀመረ፣ እነሱ በሳቅ ሞቱ፣ በርኖስ አስደርበው ደግመው ቀዱት። ልጁ በርኖስ ለብሶ አያውቅም፣ ጃኬት ነው ሚለብሰው እንደማንኛችንም።

ቪዲዮው ሲወጣ ዘፈኑ ተቆርጦ ያቺ ወሬው ብቻ ናት ቲክቶክ ላይ የዞረችው። ከስር ያው ነው፣ “ንጹህ ልጅ”፣ “ያልተነካ”፣ “እንደዚ አይነት ሰው ጠፍቶ ነበር”። አንዷ ጭራሽ “ይሄ ልጅ መዋሸት አይችልም” ብላ ጻፈች፣ በህይወቱ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ የዋሸበት ቪዲዮ ስር!

እኛ ቤት ደግሞ አክስቴ ነበረች፣ ከመሀል ሜዳ ለህክምና መጥታ። ስልኩን ሰጠኋት፣ ሰማችው፣ መልሳ ሰማችው። ገበያ ላይ ቅቤ የሚገዛ ሰው በጥፍሩ ነካ አድርጎ አሽትቶ አኩርፎ እንደሚመልሰው መለሰችልኝ።

“ምነው አክስቴ፣ አልተቻለውም?”

“መቻሉንስ ችሎታል። የሽማግሌ ወግ ነው ያወራው። ይሄ ለጋ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንደ ሰማኒያ አመት ሰው የሚያወራ? ማን ላይ ነው የሚቀልደው?”

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ነገሩ። አዲሳባ ላለ ሰው የልጁ ቅላጼ የእውነት ማህተም ነው፣ ለመሀል ሜዳ ሰው ግን ያው ቅላጼ ማላገጥ ነው። አንድም ድምፅ አላጠፋም እኮ፣ አክስቴ ራሷ “ችሎታል” ብላለች። እድሜው ነው ያልገጠመው። ሞላሌም ያሉ ዘመዶቹ አኩርፈው ነበር፣ “አባቶቻችንን መሳለቂያ አደረገ” ብለው፣ እናቱ ናት ተለማምጣ ያስታረቀችው። አሁን ልጁ ምን ያድርግ? እንደራሱ ቢያወራ ከተሜ ነው፣ ታሪክ የለውም፣ አይቀዳም። እንዳያቱ ቢያወራ አገሩ አይገባም። ቅላጼው ደግሞ አንዴ ከገባበት ሊወጣበት አይችልም፣ ሁለተኛ ዙር ላይ ረስቶ በራሱ አማርኛ ለዳኛ ሲመልስ “ወዲያው ተቀየረ”፣ “ዝና ገና ሳይመጣ አራዳ ሆነ” የሚል ተከትሎ መጣ። ያልተቀየረውን ቅላጼ ነበር ተቀየረ ያሉት!

ሴት ብትሆን ደሞ ይብሳል። ወንዱ ሲቀየር “አራዳ ሆነ” ነው፣ ግማሹ አድናቆት ነው። የገጠር ልጅ የሆነች ሴት ተወዳዳሪ አማርኛዋ ትንሽ ከተማ ከተማ ካለ ልብሷ ይነሳል፣ ጸጉሯ ይነሳል፣ “ማን አስተማራት” ይባላል፣ ቤተሰቧ ድረስ ይሄዳል ነገሩ። እንደነበረች ከቆየች ደሞ ዳኛው ፊት ሙዚቃ ስትተነትን ይስቁባታል። ስለዚ ብዙዎቹ ዝም ብለው ፈገግ ማለት ነው የሚመርጡት፣ እሱም “አይናፋርነቷ ደስ ሲል” ይባልላቸዋል።

ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ላይ ዘ ትሬተርስ እኛ አገር ቢሰራ ማን የማንን ቅላጼ ይሰርቃል ብለን ተከራከርን። አንዱ ወዲያው “ወሎ” አለ፣ እንዴት አደራችሁ ሲሉህ ራሱ ያለህን ሁሉ ትሰጣቸዋለህ አለ። ሌላው ድሬዳዋ አለ፣ የድሬ ሰው ግልጽ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ “አቦ” እያለ እየሳቀ ሊከዳህ ይችላል ማንም አይጠረጥረውም። የኛውን ማንም አልጠራም! ለምን አልኳቸው። የመንዝ ቅላጼ ካወጣህ “ይሄ ሰውዬ ተቆጥቷል” ብለው በመጀመሪያው ቀን ያባርሩሃል አሉኝ። ደፋር ነው፣ ቁጡ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም፣ ይሄ ነው የተለጠፈብን፣ ለዘፈን ውድድር የዋህ ለክብ ጠረጴዛ አስፈሪ። ያው አፍ እኮ ነው። ከኔ ጋር ሻይ የሚጠጡት ሁለቱ መንዜዎች ደግሞ በህይወታቸው ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም፣ አንዱማ ሂሳብ ሲሳሳቱበት ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ነው ሚከፍለው።

አዘጋጆቹን የምጠይቃቸው ነገር ቢኖር ትንሽ ነው። ልጁን ከየት እንደመጣ ጠይቁት፣ ምንም ችግር የለውም፣ አገሩ ነው ይኮራበታል። ሲመልስ ግን “ድገመው” አትበሉት፣ ሌላው ያንን አይባልም። እንደሚያወራው ቅዱት፣ በሁለት ቅላጼ ካወራም በሁለቱም ቅዱት፣ እናቱ ስትደውልለት ቅዱት ከፈለጋችሁ። በርኖሱንም ከራሱ ቤት ካመጣው ይልበስ። ኮሜንት የምትጽፉት ደግሞ እስኪዘፍን ጠብቁት፣ ሶስት ደቂቃ ናት።

ልጁ ከዛ ዙር አላለፈም በነገራችን ላይ። ሰፈሩ ሁሉ “በቅላጼው ምክንያት ጣሉት” ብሎ አሁንም ይከራከራል፣ ግማሹ ስላበዛው ነው ግማሹ ስለተወው ነው ይላል። እሱን ጠይቄው ነበር፣ ጠባሴ ቆሎ እየበላን። “ኧረ ባክህ” አለኝ፣ “ዘፈኑን ከፍ አድርጌ ይዤው ነው፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ዝቅ አድርጌ ነው የሚቀጥለው ዓመት ምገባው።”